ልጅ በቀቀን ሲያምረው

ቺካጎ አጠገብ ባለው የብሩክፊልድ የእንስሳት ማቆያ ኩኪ የሚባል ኮካቱ ይኖር ነበር። ማቆያው በ1934 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ገና የአንድ ዓመት ወፍ ሆኖ ከሲድኒው ታሮንጋ ማቆያ የመጣ ነው። የሞተው በ2016 ነው፣ በ83 ዓመቱ። በመክፈቻው ጊዜ ከነበሩት እንስሳት መካከል እስከዚያ ድረስ የቆየ እሱ ብቻ ነበር።

ልጃቸው «በቀቀን ግዙልኝ» እያለ የሚነዘንዛቸው ወላጆች ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት ይህን ቢሰሙ ደግ ነው። ኩኪ ከወገኖቹም ሁሉ አልፎ የኖረ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ትልልቆቹ በቀቀኖች፣ ኮካቱም ሆነ ማካው፣ በደህና ከተያዙ አርባና ሃምሳ ዓመት መኖራቸው ብርቅ አይደለም። ለአምስት ዓመት ልጅ የተገዛ ማካው ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም፣ ሲያገባም፣ አገር ሲቀይርም ከነጩኸቱ አለ። ማን ጋ? እናት ጋ።

ችግሩ ልጆች በሐሳባቸው የሚያዩት በቀቀን ይኸው ትልቁ መሆኑ ነው፤ በፊልም የባሕር ወንበዴ ትከሻ ላይ የተቀመጠው፣ ቀይና ሰማያዊ፣ ጅራቱ የሚንዘረፈፍ። የማካው ምንቃር በመዶሻ የሚሰበርን የለውዝ ቅርፊት ይፈረካክሳል። የሕፃን ጣት ምን እንደሚሆን መናገር አያሻም። ኮካቱ ደግሞ ከሰው ፍቅር የማይጠግብ ወፍ ነው፤ ያጣ ጊዜ ጎረቤት እስኪሰማ ይጮኻል። አፓርትመንት ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ስለ ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ግን ብዙ ወላጅ የሚከራከር ይመስለኛል፣ ምክንያቱም አሌክስ የተባለውን የዚህን ዝርያ ወፍ ታሪክ ያልሰማ የለም። ተመራማሪዋ አይሪን ፔፐርበርግ በ1977 ቺካጎ ውስጥ ከአንድ የእንስሳት መደብር ገዝታው ሠላሳ ዓመት አብራው ሠራች። በ2007 ሲሞት ከመቶ በላይ ቃላት ያውቅ ነበር፤ ቀለም ይለያል፣ ቅርጽ ይለያል፣ ጥቂት ነገሮች ሲደረደሩለት ስንት እንደሆኑ ይናገራል። ታዲያ ብልህ ወፍ ለልጅ አይሻልም ወይ? እኔ አይሻልም ባይ ነኝ። አሌክስን ቀኑን ሙሉ የሚያናግሩት፣ ሥራቸውም እሱ ብቻ የሆነ ሰዎች ነበሩት። እንዲህ ያለው ወፍ ልጁ ትምህርት ቤት፣ ወላጆቹ ሥራ ውለው ሲመለሱ ብቻውን ከቆየ፣ ከመሰልቸት ብዛት የገዛ ላባውን እየነጨ ደረቱን ባዶ እስከማስቀረት ይደርሳል። ከዚህም ሌላ፣ ከዱር እየታፈነ ሲሸጥ ቁጥሩ እጅግ ስለተመናመነ የዓለም የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት አባል አገሮች በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ ተሰብስበው ጥብቅ ከሆነው የእገዳ መዝገብ ውስጥ አስገብተውታል።

የበቀቀን ዝርያ ወደ አራት መቶ ይጠጋል። ለትንሽ ልጅ ብለን ስናጣራ ግን እጃችን ላይ የሚቀሩት ሁለት ናቸው ማለት ይቻላል፤ ባጂና ኮካቲል። ላቭበርድ የሚባለውን ብዙ ሱቅ ስለ ስሙና ስለ ቁመቱ «ለልጅ» እያለ ያቀርበዋል፤ ነገር ግን ኬጁን እንደ ርስት የሚጠብቅ፣ በትንሽ ነገር የሚናከስ ወፍ ነው። ኮንዩሮች ቀለማቸው ያማልላል፤ ጩኸታቸው ግን ግድግዳ ይሰነጥቃል።

ባጂ፣ ሙሉ ስሙ ባጀሪጋር፣ የአውስትራሊያ ደረቅ መሬት ወፍ ነው። በዱር አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ በብዙ ሺህ እየተንጋጋ ውኃና የሣር ፍሬ ፍለጋ ይዞራል። ጆን ጉልድ የተባለው እንግሊዛዊ የአእዋፍ ሊቅ በ1840 በሕይወት ወደ እንግሊዝ ካመጣው በኋላ በሰው እጅ መራባት ጀመረ፤ ዛሬ በየሱቁ የምናየው ሰማያዊ፣ ነጭና ግራጫ ሁሉ ከዚያ ወዲህ በማዳቀል የተገኘ ነው። ይህ ለወላጅ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚገዙት ወፍ አያት ቅድመ አያቱ ሁሉ በሰው ቤት የተፈለፈሉ ስለሆኑ ከሰው ጋር መኖር አይከብደውም፣ ዱር የቀረ ወገኑም በእርስዎ ግዢ አይጎዳም። ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ይኖራል። ቢነክስ ያማል እንጂ አያቆስልም፣ ቢያቆስልም በፕላስተር የሚያልፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ያንሾካሹካል፤ ድምፁ ግን ከራዲዮ ወሬ አይብስም።

ክብደቱ 30 ወይም 40 ግራም፣ ማለትም ከአንድ እንቁላል ያነሰ ነው። የልጁ ዕድሜ ጥያቄ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። ወፍ እንደ እኛ ድያፍራም የላትም። ሳንባዋ አይነፋም፣ አይሟሽሽም፤ አየር የሚያስገባና የሚያስወጣላት በሰውነቷ ውስጥ ያሉት የአየር ከረጢቶች ከደረቷ አጥንት መውጣትና መግባት ጋር ሲለጠጡና ሲጨመቁ ነው። ደረቷ ካልተንቀሳቀሰ ትንፋሽ የለም። አፍና አፍንጫዋ ክፍት ሆኖ፣ ማንም አንገቷን ሳይነካ፣ በጡጫ ውስጥ ብቻ ተጠብቃ በመያዟ ታፍና ልትሞት ትችላለች። ትንሽ ልጅ ደግሞ ፍቅሩን የሚገልጸው በመጭመቅ ነው። አሻንጉሊቱንም፣ ድመቱንም፣ ታናሹንም እንዲሁ ነው የሚያቅፈው። ልጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ እጁ ገና ልኩን አልተማረም። ስለዚህ የእኔ ምክር እንዲህ ነው፤ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሳይሞላው ወፏን በእጁ አይያዝ። ትመጣ ከሆነ በተዘረጋ ጣት ላይ ትቁም፣ በመዳፍ ላይ እህል ትልቀም። ከዚያ በታች ላለ ልጅ ወፍ የሚታይ፣ የሚሰማ፣ ስም የሚወጣለት ነገር ሆኖ ይቆይ፤ ባለቤቱ ግን ትልቅ ሰው ነው።

ይኸው የትንፋሽ ነገር ወደ ማእድ ቤታችንም ይገባል። የወፍ ሳንባ ከአየሩ የሚችለውን ሁሉ አሟጦ የሚወስድ ስለሆነ መርዙንም እንደዚያው ይወስዳል። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እስከ 1986 ድረስ ካናሪ የሚባለውን ወፍ ወደ ጉድጓድ ይዘው ይወርዱ የነበረው ለዚህ ነው፤ ጋዝ ካለ ከሰው ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነበር። ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ እሳት ላይ ተረስቶ ከመጠን በላይ ከጋለ የሚወጣው ጢስ፣ ሰው ሳያሸተው፣ በሌላ ክፍል ያለችን ወፍ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። የሐበሻ ቤት ደግሞ ሌላ የራሱ ነገር አለው፤ ቡናው ይቆላል፣ ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ፣ ቡና የሚፈላበት ሳሎን ውስጥ ኬጅ አይቀመጥም። ቡናውን ተዉ የሚል ስለማይሰማ ወፏን በር ወዳለው ሌላ ክፍል መውሰድ ይቀላል፤ መስኮት ይከፈት።

ምግብም ላይ ጥንቃቄ አለ። ልጅ ከሚበላው ማካፈል ይወዳል፣ ደግነቱም አይከለከልም፤ አቮካዶ ግን ለወፍ መርዝ ነው፣ ጭማቂውም ቢሆን። ቸኮሌት፣ ቡናና ጨው የበዛበት ነገርም እንዲሁ። ጎመን፣ ካሮት፣ የፖም ቁራጭ ይስጣት፤ የፖሙ ፍሬ ግን ይውጣ። ከሱቅ የሚገዛው ድብልቅ እህል ብቻውን ምግብ አይደለም፣ ባጂ የሱፍ ፍሬና ቅባት ያለውን እየመረጠ በልቶ ጉበቱ በስብ ይሞላል፣ ቫይታሚን ኤ ያጥረዋል። ለዚህ የተዘጋጀ ፔሌት የሚባል ምግብ አለ፤ ቀስ በቀስ ማለማመድ ያስፈልጋል እንጂ በአንድ ቀን ቢቀየር ምግብ መሆኑን ሳታውቀው ልትራብ ትችላለች።

ልጁ ትንሽ ከፍ ካለ፣ ስምንት ዘጠኝ ከሆነ፣ ኮካቲልን አስቡ። የኮካቱ ቤተሰብ ታናሽ ነው፤ ከ80 እስከ 100 ግራም ይመዝናል፤ ጉንጩ ላይ ብርቱካናማ ክብ አለው። ከባጂ የሰከነ ነው፣ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ፊልም ያያል፣ አንገቱን አዘንብሎ እከኩኝ ይላል። ለልጅ የሚመቸው ዋናው ነገር ግን አናቱ ላይ ያለው ጉትያ ነው። ሲደነግጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲቆጣ ወደ ኋላ ተለጥፎ ይተኛል፤ ሲረጋጋ ዘና ይላል። ሌሎቹ ወፎች ከመንከሳቸው በፊት ምን እንዳሰቡ ማወቅ ልምድ ይጠይቃል፤ ይህን ግን ልጅ በሳምንት ውስጥ ማንበብ ይችላል። ሁለት ነገር ግን ልብ ይሏል። ላባው እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ያራግፋል፣ ስለዚህ አስም ወይም አለርጂ ያለበት ልጅ ባለበት ቤት አይገባም። ከዚህም ሌላ ዕድሜው ከ15 እስከ 20 ዓመት ነው፤ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ሃያ ሰባት ሲሞላት ኮካቲሉ ገና ሊያፏጭ ይችላል። ሌሊት በጨለማ ደንግጦ ኬጁ ውስጥ የሚንፈራገጥበት ጊዜ ስላለ ትንሽ መብራት ይተውለት።

ስለ መናገር አንድ ነገር ልበል፣ ልጆች የሚጠይቁት ይህን ነውና። የባጂ ወንዱ ይናገራል፤ ካሊፎርኒያ የኖረው ፐክ የተባለ ባጂ በ1,728 ቃላት የጊነስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የእርስዎ ግን አንድም ቃል ላይናገር ይችላል። ቢናገርም ድምፁ ቀጭንና ፈጣን ስለሆነ የሚገባው ያስተማረው ልጅ ብቻ ነው። ኮካቲል ቃል ብዙም አይሆንለትም፣ ዜማ ግን ይይዛል። ለወሬ ብሎ ወፍ የሚገዛ ሰው ቢቀርበት ይሻላል።

በአገራችንም በቀቀን አለ፤ ቢጫ ግንባር ያለው አረንጓዴው በቀቀን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የለም። ጥቁር ክንፍ ያለው ላቭበርድም በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚኖር ሲሆን ጥድና ሾላ ባለበት የአዲስ አበባ ግቢ ሳይቀር ይታያል፤ ወንዱ በቀይ ግንባሩ ይታወቃል። ልጁን መስኮት ላይ አቁሞ እነዚህን ማሳየት ነጻ ነው። ከዛፍ አውርዶ ኬጅ ማስገባት ግን ለወፉም ግፍ ነው፣ ለልጁም መጥፎ ጓደኛ ነው፤ ሰው ፈርቶ ያደገ ወፍ ዕድሜውን ሙሉ ጥግ ይዞ ይኖራል። ባሕር ማዶም ቢሆን ሻጩን «የት ተፈለፈለ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ አርቢዎች ጫጩቷ የጥቂት ቀን ዕድሜ ሳላት መጋጠሚያ የሌለው ቀለበት እግሯ ላይ ያስገባሉ፤ ካደገች በኋላ በጣቶቿ በኩል አያልፍምና እንዲህ ያለ ቀለበት በሰው እጅ መፈልፈሏን ይመሰክራል።

ሱቅ ሲገቡ ባጂን በግንባሩ ይምረጡት። ጫጩት ባጂ ግንባሩ እስከ ምንቃሩ ድረስ በቀጫጭን ጥቁር መስመር የተሸለመ ነው፤ ሦስት አራት ወር ሲሞላው ላባውን ሲቀይር መስመሩ ወደ ኋላ ይሸሻል። ዓይኑም ሙሉ ጥቁር ነው፣ ነጩ ቀለበት የሚመጣው ካደገ በኋላ ነው። ጫጩት ቶሎ ይለምዳል። አዋቂ ሲሆን ከምንቃሩ በላይ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ያለበት ሥጋ፣ በብዙዎቹ ዘንድ ለወንድ ሰማያዊ፣ ለሴት ቡናማ ይሆናል። ላባውን ነፍቶ ቀን በቀን የሚያንቀላፋ፣ ኬጁ ወለል ላይ የተቀመጠ ወይም ሲተነፍስ ጅራቱ ከፍ ዝቅ የሚል ወፍ ሲያዩ አዝነው እንዳይገዙት። ወፍ ሕመሙን እስከሚችለው ይደብቃል፤ መደበቅ ካቃተው ብዙ ቆይቷል ማለት ነው። ሲታኮሲስ የሚባል ከበቀቀን ወደ ሰው የሚተላለፍ የሳንባ በሽታ አለ። በአንቲባዮቲክ ይድናል፤ ቢሆንም ልጁ ወፏን አፏ ላይ አይሳማት፣ ከነካትም በኋላ እጁን ይታጠብ፤ ኬጁን የሚያጸዳው ትልቅ ሰው ይሁን፣ ያውም በእርጥብ ጨርቅ።

አንድ ወይስ ሁለት? ቤቱ ቀን ባዶ ከሆነ ሁለት። እርስ በርስ ስለሚወዳደዱ ከልጁ ጋር ያላቸው ቅርበት ይቀንሳል፣ ወሬም አይማሩም፤ ግን የመንጋ ወፍ ብቻውን ከሚውል ያ ይሻላል። ኬጁ ከቁመቱ ይልቅ ስፋቱ ይብለጥ፣ ወፍ የሚበር ወደ ጎን ነውና፤ የሽቦው ክፍተት ለባጂ ከ1.2 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ።

ቤት ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተዉት። ልጁ ከኬጁ ፈንጠር ብሎ መሬት ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን ጮክ ብሎ ያንብብለት፤ ድምፁን ይልመድ። ከዚያ ከዳጉሳ ወገን የሆነውን የእህል ዛላ በሽቦው መሃል ይዞ መጠበቅ፣ ቀጥሎ እጅን ከነዛላው ወደ ውስጥ ማስገባት፣ በመጨረሻም ጣትን ከእግሩ በላይ ሆዱ ላይ በቀስታ ማስጠጋት ነው፤ ወፉ ራሱ ይወጣል። ሳምንታት ይፈጃል፣ አንዳንዱ ወፍ ወራት። ከኬጅ ሲለቀቅ መስኮቱና መስታወቱ ይሸፈን፣ የጣራው ቬንቲሌተር ይጥፋ፣ ውኃ ያለበት ድስት ይከደን። በመሃል መንከሱ አይቀርም። ልጁ ጮኾ እጁን ካወራጨ ወፉ አንድም ይደነብራል፣ አንድም ጨዋታ መስሎት ይደግመዋል። ስለዚህ ተነክሶ ዝም ማለትን በመጀመሪያ የሚለማመደው አባት ወይም እናት ነው፣ ልጁ እያየ።