ከሶማሌ ተራ በምን ይኬዳል?

የጋራ ብስክሌት በተለመደባቸው ከተሞች መንገደኛው ማቆሚያው ባዶ ሲሆንበት ወደሚቀጥለው ማቆሚያ ይራመዳል፤ ካልሆነም አውቶቡስ ይይዛል። መርካቶ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ላይ ብስክሌት የሚነሳበት ማቆሚያ የለም። መንገደኛው ግን ያው ስሌት አይቀርለትም፦ ምን ይዣለሁ? ስንት ሰዓት ነው? ኪሴስ ምን ይፈቅዳል?

ባዶ እጁን የሆነ ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው። መኪናው በጫኝና አውራጅ ተይዞ ሲቆም እግረኛው በጎን ሾልኮ አውቶቡስ ተራ ይደርሳል። ፍሪሲዮን ወይም ባሌስትራ የገዛ ዕቃውን ለተሸካሚ ሰጥቶ እስከ ታክሲው ይከተላል። ካምቢዮ የገዛ በጋሪ አስወጥቶ ኮንትራት ይነጋገራል።

ቀጥሎ ሰዓቱ ይመጣል። ቀን ላይ ሰማያዊና ነጩን ሚኒባስ ማግኘት ብዙ አያስቸግርም። ሥራ መውጫ ላይ ግን ሰልፉ ይረዝማል፤ ያኔ ኪሱ የሳሳው አንበሳ ወይም ሃይገር አውቶቡስ ይጠብቃል፣ የቸኮለው ራይድ ይጠራል።

ባቡርም አለ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር በጎጃም በረንዳ፣ በአውቶቡስ ተራ፣ በሰባተኛና በአብነት በኩል አልፎ ቃሊቲ ይደርሳል። ለከተማዋ ሁለት የቀላል ባቡር መስመሮች 41 ባቡሮች ቢገዙም ብዙዎቹ በመለዋወጫና በውጭ ምንዛሪ እጥረት ቆመው ከርመዋል። ባቡሩ ሲዘገይ መንገደኛው ተመልሶ ሚኒባስ ተራ ይሰለፋል።

ሚኒባሱን በእርጅናውም በመንገድ ላይ ያቆየው ሶማሌ ተራ ነው። እዚህ ያገለገለ መኪና ተፈትቶ ሞተሩ ለአንዱ፣ በሩ ለሌላው፣ ስፖኪዮው ለሦስተኛው ይሸጣል። መካኒኩ የተበላውን ዕቃ ለናሙና ይዞ ይመጣል። ነጋዴው ከመደርደሪያው የዕቃውን አቻ አውርዶ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል፤ የማርሹን ጥርስ ይቆጥራል፣ በአውራ ጣቱ ይዳብሳል። ኩሽኔታ ከሆነ አሽከርክሮ ወደ ጆሮው ያስጠጋዋል፤ ከጮኸ ይመልሰዋል። ዋጋ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት የቆመ ሃይኤስ ከሰዓት ተሳፋሪ የሚጭነው በዚህ እውቀት ነው።

ስለዚህ መንገደኛው የሚመርጠው ነገ እንደሚመጣ የሚያምነውን ነው፤ ነገ የሚመጣው ደግሞ ዛሬ ሲበላሽ ዛሬውኑ የሚጠገነው ነው። አዲስ አበባ በኮሪደር ልማት የብስክሌት መንገድ እየዘረጋች ነው፤ የጋራ ብስክሌት ጥያቄም አብሮ መነሳቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ሰንሰለቱ፣ ጎማው፣ ፍሬኑና ኩሽኔታው እዚሁ ገበያ የማይገኝ ብስክሌት መግዛት ባቡሩ የደረሰበትን እጦት መድገም ነው። ከግዢው ውል በፊት የሶማሌ ተራ ነጋዴና መካኒክ ተጠርተው ናሙናው ፊታቸው ይፈታ። ይህን ዕቃ እናገኘዋለን ካሉ ብስክሌቱ ይገዛ፤ አናገኘውም ካሉ ሌላ ይፈለግ።