ፀሐይ፣ አጥንትና ስደት፦ የቪታሚን ዲ ጉድለትን ስለ መለየትና ስለ መረዳት

በውጭ አገር የሚኖረው ወገናችን ስለ ጤናው ሲወያይ ከሚያነሣቸው ጉዳዮች መካከል የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ቀዳሚውን ሥፍራ ይይዛሉ። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ስም ሳይወጣለት፣ አንዳንዴም የሌላ በሽታ ስም እየተሰጠው፣ ከመካከላችን ብዙዎችን ቀስ በቀስ የሚጎዳ አንድ ጉድለት አለ፤ ይኸውም የቪታሚን ዲ ጉድለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉድለቱ ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚታወቅ፣ ስለምንስ በተለይ እኛን እንደሚመለከት ማስረዳት ነው። እኛ የባዮኬሚስትሪ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለንም። ስለሆነም አንባቢ ይህን ጽሑፍ ከሐኪሙ ጋር ለመነጋገር ይጠቀምበት ዘንድ እንጂ በሐኪሙ ምትክ እንዲይዘው አንሻም። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን እንድንመረምር ያነሣሣን የአንዲት እኅታችን ታሪክ ነው። በአርባዎቹ ዕድሜ የምትገኝ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ሌሊት ሌሊት የምትሠራ፣ ቀኑን መጋረጃ ጋርዳ የምትተኛ ሴት ናት። በመጀመሪያ ወገቧንና ዳሌዋን፣ ቀጥሎም የጎድን አጥንቷንና ቅልጥሟን ያማት ጀመር። ውሎ አድሮ ደረጃ መውጣት ተሳናት፤ ከወንበር ስትነሣ ጉልበቷን በሁለት እጇ መደገፍ ግድ ሆነባት። እርሷ «ብርድ ገብቶብኝ ነው» ትል ነበር። የመጀመሪያው ሐኪም ድካም ነው አላት። ሁለተኛው ደግሞ ስለ ስደት ሕይወቷ ብዙ ከጠየቃት በኋላ፣ ኀዘንና ናፍቆት በሰውነት ሕመም መልክ መገለጡ ነው ብሎ የድብርት መድኃኒት አዘዘላት። ሁለት ዓመት ያህል ዋጠችው። ሦስተኛዋ፣ ወላጆቿ ከፓኪስታን የመጡ ወጣት ሐኪም፣ ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ጫን ብላ ስታያት እኅታችን ጮኸች። ሐኪሟም ሌላ ጥያቄ ሳትጨምር ደም እንዲወሰድ አዘዘች። በደሟ የተገኘው ቪታሚን ዲ በሚሊሊትር 5 ናኖግራም ብቻ ነበር።

የሦስተኛዋ ሐኪም ብልህነት የዕድል ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በ1962 በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ የሚኖሩ የፓኪስታን ተወላጆች ልጆች በሪኬትስ፣ እናቶቻቸውም በአጥንት መለስለስ እንደሚሠቃዩ ሐኪሞች ጽፈው ስለነበር፣ የዚያ ማኅበረሰብ ልጆች ነገሩን ያውቁታል። የእኛ ማኅበረሰብ ግን ገና አላወቀውም።

ለመሆኑ ቪታሚን ዲ ምንድን ነው? በመሠረቱ ስሙ ራሱ ያሳስታል። ቪታሚን የምንለው ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለውን፣ ከምግብ ሊያገኘው የሚገባውን ንጥረ ነገር ነው፤ ይህኛውን ግን ቆዳችን ይሠራዋል። የሞገዱ ርዝመት ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር የሆነው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ፣ በዚያ የሚገኘውንና የኮሌስትሮል ዘመድ የሆነውን አንድ ንጥረ ነገር ይለውጠዋል። ይህም በሰውነት ሙቀት ቀስ እያለ ቪታሚን ዲ3 ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ግን ገና ሥራ ፈት ነው። በጉበት አንድ ጊዜ፣ በኩላሊት ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ከተለወጠ በኋላ በደም እየተዘዋወረ የሚያዝዝ ሆርሞን ይሆናል። ዋና ተግባሩም አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየምንና ፎስፌትን እንዲቀበል ማድረግ ነው።

ይህ ሆርሞን ሲያንስ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም መውረድ ይጀምራል። ሆኖም ልብና ነርቭ ያለ ካልሲየም ሊሠሩ ስለማይችሉ፣ በአንገት ውስጥ የሚገኙት ፓራታይሮይድ የተባሉ ትንንሽ ዕጢዎች መውረዱን አይታገሡም። የራሳቸውን ሆርሞን አብዝተው በማመንጨት ካልሲየሙን ከአጥንት ያስወጡታል፤ ፎስፌቱንም በሽንት ያስወግዱታል። በዚህም የደሙ ጉድለት በአጥንቱ ኪሳራ ይሸፈናል። የካልሲየም መጠን ብቻ ተመርምሮ «ደህና ነሽ» የተባለች ሴት አጥንቷ እየለሰለሰ ሊሆን የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ የሚሠራው የአጥንት ሥጋ ማዕድን አጥቶ ሳይጠነክር ይቀራል። ይህ በሚያድግ ሕፃን ላይ ሲደርስ ሪኬትስ፣ በአዋቂ ላይ ሲደርስ ኦስቲዮማላሺያ ወይም የአጥንት መለስለስ ይባላል። በእርጅና ከሚመጣው የአጥንት መሳሳት ጋር መምታታት የለበትም፤ የሳሳ አጥንት እስኪሰበር ድረስ ብዙውን ጊዜ አያምም፣ የለሰለሰ አጥንት ግን ያማል።

የሰው ልጅ ይህን ለመረዳት የተጓዘው መንገድ ረጅም ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ፍራንሲስ ግሊሰን ስለ ሪኬትስ ሰፊ መጽሐፍ ያወጣው በ1650 ነበር። በ1822 ፖላንዳዊው የድሬ ሽኒያዴትስኪ የከተማ ልጆች ሲታመሙ የገጠር ልጆች ደህና መሆናቸውን አስተውሎ መድኃኒቱ ፀሐይ ነው ቢልም ሰሚ አላገኘም። ከጢስና ከጠባብ መንገድ በስተቀር ሌላ ነገር በማይታይባቸው የኢንዱስትሪ ከተሞች በሽታው አንድ መቶ ዓመት ያህል ነገሠ። በ1919 ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ የበርሊን ሐኪም ሪኬትስ የያዛቸውን ሕፃናት በአልትራቫዮሌት መብራት ፈወሰ። እጅግ የሚያስደንቀው ግን አንደኛውን ክንድ ብቻ ለብርሃኑ ሲያጋልጥ የሁለተኛውም ክንድ አጥንት መዳኑ ነበር። ከቆዳው የሚነሣ አንድ ነገር በደም ተጉዞ ሌላ ሥፍራ እንደሚሠራ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። በዚያው ዘመን ኤድዋርድ ሜላንቢ የዓሣ ጉበት ዘይት የታመሙ ቡችሎችን እንደሚያድን አሳየ፤ በ1922 ማኮለም የዘይቱን ፈዋሽ ንጥረ ነገር ቪታሚን ዲ ብሎ ሰየመው። አንዱ በብርሃን፣ አንዱ በዘይት፣ በሁለት በር ወደ አንድ ቤት ገቡ። ከ1930ዎቹ ጀምሮም በአሜሪካ ቪታሚኑን በወተት ላይ መጨመር ተለመደ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የጥቁር ቆዳ ቀለም የሆነው ሜላኒን አልትራቫዮሌት ጨረርን አጥብቆ ይይዛል። ይህ ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ርቀት ላይ በምትገኝ፣ ከፍታዋም ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በሚበልጥ እንደ አዲስ አበባ ባለች ከተማ ለሚኖር ሰው ጋሻ ነው። ያንኑ ጋሻ ይዞ ወደ ሰሜን የተሰደደ ሰው ግን ያንኑ ያህል ቪታሚን ለመሥራት ከነጩ ጎረቤቱ እጅግ የረዘመ ጊዜ በፀሐይ መቆየት ይኖርበታል። ክረምቱ ደግሞ አለ። በ1988 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በ42 ዲግሪ በምትገኘው ቦስተን ከኅዳር እስከ የካቲት፣ በ53 ዲግሪ በምትገኘው የካናዳዋ ኤድመንተን ደግሞ ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ ፀሐይ ብትታይም እንኳ ቆዳ ምንም ቪታሚን ዲ አይሠራም። ጨረሩ በአግድም ስለሚመጣ በከባቢ አየር ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ስቶክሆልምና ኦስሎ ከእነዚህም በስተሰሜን ናቸው። የመስኮት መስታወትም ይህንኑ ጨረር ስለሚያስቀር፣ በታክሲ ውስጥ ፀሐይ እየመታው የሚውል ወንድማችን ይሞቀዋል እንጂ ቪታሚን አያገኝም። ከመሬት በታች በተሠራ የመኪና ማቆሚያ የሚሠራው፣ በቤተ መጻሕፍት የሚውለው፣ እንደ እኅታችን ሌሊቱን ቀን ያደረገችው ሁሉ ከዚሁ ወገን ናቸው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ፀሐይ ሞልቶ ተርፎ ሳለ ጉድለቱ በስፋት ይታያል፤ ሙቀቱ ሰውን ከቤት ያውለዋል፣ ልብሱም ገላውን ይሸፍናል። በሰው ቤት ተቀጥራ ለወራት ደጅ የማትወጣ እኅታችንን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ይሁን እንጂ ጉድለቱ የስደት ውጤት ብቻ ነው ብለን ብንጽፍ ከእውነት እንርቃለን። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለቤት ነን የምንለው ሕዝቦች ሪኬትስን በአገር ቤትም እናውቀዋለን። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል በሳምባ ምች ከታመሙ 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ የሳምባ ምች ካልያዛቸው 500 መካከል ግን 20 ብቻ። የለሰለሰ የጎድን አጥንትና የደከመ ጡንቻ ያለው ሕፃን አሳምሮ መተንፈስም ሆነ ማሳል አይችልም። በ1999 የወጣ ሌላ ጥናትም በአዲስ አበባ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በደማቸው ያለው ቪታሚን ዲ ከኖርዌጅያን ያነሰ ሆኖ መገኘቱን ገልጿል። ኖርዌጅያኑ ዓሣ ይበላሉ፣ የዓሣ ጉበት ዘይትም ይጠጣሉ፤ እኛ ደግሞ አራስና ሕፃን ከምችና ከሰው ዓይን ይጠበቁ ብለን በጨለማ ቤት እናስቀምጣለን፣ ሕፃኑንም እናቱ ጀርባ ላይ እንሸፋፍነዋለን። «ልጁን ፀሐይ አሙቂው» የሚለው የሐኪም ቤት ምክር በአገራችን ከተሞች የተስፋፋው በዚሁ የተነሣ ነው። በእስራኤልም ወደዚያ በፈለሱ ኢትዮጵያውያት ሴቶች ላይ ጉድለቱ በብዛት እንደሚታይ፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜም እንደሚብስ በ1995 ተጽፏል። ስለዚህ አንዳንዶቻችን ጉድለቱን ይዘን እንመጣለን፤ ስደቱ ያባብሰዋል።

ምግብ ብዙም አያድነንም። ቪታሚኑ በብዛት የሚገኘው ቅባት ባላቸው ዓሦች ሲሆን፣ በእንቁላል አስኳልና በቅቤ ጥቂት ይገኛል። የተጨመረበትን ወተት ደግሞ ብዙዎቻችን ሆዳችን አይቀበለውም፤ በጾም ወራት ለሚጾመው እነዚህም ይቀራሉ። ጤፍ ካልሲየም አለው፤ ካልሲየሙን አንጀት የሚያስገባው ግን የለውም።

ምልክቶቹን በተመለከተ፣ አብዛኛው ሰው ጉድለት እያለበት ምንም አይሰማውም። ጉድለቱ ሲጠና ግን ሁለት ነገሮች ይታያሉ፤ የአጥንት ሕመምና የጡንቻ ድካም። ሕመሙ በወገብ፣ በዳሌ፣ በጎድንና በቅልጥም የሚሰማ፣ ሲጫኑት የሚብስ፣ ቦታውን በጣት ለማሳየት የሚያስቸግር ድብን ያለ ሕመም ነው። ድካሙ ደግሞ ከጫፍ ሳይሆን ከሥር፣ ማለትም ከጭንና ከትከሻ ይጀምራል፤ በሽተኛው እጁን አጽንቶ ይጨብጣል፣ ከዝቅተኛ ወንበር ግን መነሣት ያቅተዋል፣ ሲራመድም ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። በሕፃናት ላይ የራስ ቅል መለስለስ፣ የጥርስ መዘግየት፣ የእጅ አንጓ ማበጥ፣ በጎድን አጥንት ጫፎች ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶች፣ መራመድ ሲጀምሩም የእግር መጉበጥ ይታያል። ካልሲየማቸው ፈጽሞ ሲወርድ ያንቀጠቅጣቸዋል። ይህን የሚጥል በሽታ ብሎ ማለፍ አደገኛ ስሕተት ነው።

ምርመራው ጉበት የለወጠውን የቪታሚኑን ዓይነት በደም ውስጥ መለካት ነው። በዚህ ረገድ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2011 ባሳተመው ዘገባ በሚሊሊትር 20 ናኖግራም ለአብዛኛው ሰው አጥንት በቂ ነው፣ ከ12 በታች ግን የጉድለት አደጋ አለ አለ። በዚያው ዓመት የኢንዶክሪን ሐኪሞች ማኅበር 30 ያስፈልጋል ሲል ሚሊዮኖችን በአንድ ጀምበር ጎደሎ አደረጋቸው፤ በ2024 ግን ይህን ቁጥር ትቶታል፣ ጤነኛ አዋቂዎችም በጅምላ እንዳይመረመሩ መክሯል። የአሜሪካ ጥቁሮች በአማካይ ከነጮቹ ያነሰ ቁጥር ቢኖራቸውም፣ የአጥንታቸው ጥግግት የሚበልጥ፣ ስብራታቸውም የሚያንስ መሆኑ ሌላው እንቆቅልሽ ነው። በእኛ አስተያየት ከዚህ የምንረዳው ቁጥር ብቻውን በሽታ አለመሆኑን ነው። 17 ያለው ጤነኛ ሰው መደንገጥ አይገባውም፤ 5 ያላትና ደረጃ መውጣት ያቃታት ሴት ግን ሕክምና ያስፈልጋታል። ምልክት ላለበት ሰው ከቪታሚኑ ጋር ካልሲየም፣ ፎስፌት፣ አልካላይን ፎስፋቴዝና የፓራታይሮይድ ሆርሞን አብረው ቢመረመሩ ነገሩ ይጠራል፤ በለሰለሰ አጥንት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከፍ ብለው ይገኛሉ።

ቪታሚኑ የሁሉ በሽታ መድኃኒት ነው የሚለውን የመድኃኒት ሻጮች ስብከትም መቀበል አይገባም። 25,871 አሜሪካውያን የተካፈሉበትና በየቀኑ 2,000 ዩኒት የተሰጠበት ቫይታል የተባለው ሰፊ ጥናት ቪታሚኑ ካንሰርንም ሆነ የልብ ሕመምን እንደማይከላከል በ2019፣ የጤነኛ አዋቂዎችን የአጥንት ስብራትም እንደማይቀንስ በ2022 አሳይቷል። ጥቅሙ ለጎደለው ነው። ያው የ2011 ዘገባ ከአንድ ዓመት እስከ ሰባ ዓመት ዕድሜ ላለው ሰው በቀን 600፣ ከዚያ በላይ ላለው 800፣ ለሕፃን 400 ዩኒት ይመክራል፤ አዋቂ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ4,000 እንዳያልፍ ያስጠነቅቃል። ቪታሚኑ በስብ ውስጥ ስለሚከማች ከልክ ሲያልፍ የደም ካልሲየምን ከፍ አድርጎ ጥም፣ የሆድ ድርቀት፣ የኩላሊት ጠጠርና የአእምሮ መደናገር ያመጣል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነውን ሪፋምፒሲንን ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ፌኒቶይንን የሚወስድ ሰው ቪታሚኑ ቶሎ ስለሚፈርስበት ለሐኪሙ ሊነግር ይገባል።

የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ከሁሉ የሚበልጥ ቢሆንም ቪታሚን ዲ በጣም ጥቂት ነው ያለው። ስለሆነም ጡት ብቻ ለሚጠባ ሕፃን በቀን 400 ዩኒት በጠብታ ከተወለደ ቀናት ጀምሮ ይሰጠው ዘንድ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ይመክራሉ። በየማኅበራችን አራስ ጥየቃ ስንሄድ ገንፎው ከመቅረቡ በፊት «ጠብታው ተጀምሯል ወይ?» ብለን ብንጠይቅ ነውር የለውም።

እኅታችንን በተመለከተ፣ በሐኪም ትእዛዝ ለስምንት ሳምንታት ከፍ ያለ መጠን፣ ከዚያም በየቀኑ አነስተኛ መጠን ትወስድ ጀመር። የቅልጥሟ ሕመም የቀነሰው በሁለተኛው ወር ገደማ ሲሆን፣ ጡንቻዋ እስኪበረታ ግን ግማሽ ዓመት ፈጅቷል። የሌሊት ሥራዋን አልተወችም። ባለፈው ፋሲካ ቤቷ በተጋበዝን ጊዜ የክኒን ጠርሙሱን ከረከቦቱ አጠገብ አየነው፤ ጠዋት ከሥራ ስትመለስ ቡናዋን ከማፍላቷ በፊት እንዳትረሳው ብላ ነው።