ስለ ሕፃናት ፎቶግራፍ፤ ጥቁርና ነጭ ወይስ ባለቀለም?

በፊልም የተነሣ የሕፃን ፎቶግራፍ ለቤተ ሰቡ መታሰቢያ፥ ለተመራማሪም ማስረጃ ነው። ጥቁርና ነጩ የቁንጮውን አቈራረጥና የፊቱን መልክ አጕልቶ ያሳያል፤ ነገር ግን በክርስትናው ዕለት የታሰረለት ማተብ ጥቁር ይሁን ሰማያዊ ለይቶ አይናገርም። ቀይ ብርሃንን በማይቀበለው በጥንቱ ፊልምማ የነጠላው ቀይ ጥለት ጠቍሮ ይወጣል። ባለቀለሙ ይህን ሁሉ ይገልጣል፤ ዳሩ ግን ማቅለሚያዎቹ በብርሃን፥ በጨለማም ቢሆን በሙቀትና በርጥበት፥ ከጊዜ ብዛት ይደበዝዛሉ። በሚገባ የታጠበው የብር ምስል ግን እጅግ ይቈያል። ስለዚህ ቢቻል ሁለቱንም ማንሣት ይገባል። አንዱን ብቻ ለማንሣት የተገደደ ሰው ጥቁርና ነጩን መርጦ፥ የማተቡንና የጥለቱን ቀለም በጀርባው በእርሳስ ይጻፍ፤ ሕፃኑ አድጎ በጠየቀ ጊዜ የሚነግረው ሰው ላይገኝ ይችላልና።