ሻለቃ ትሬንትና ፊልሙ
(ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)

በ1963 የወጣውን «ዘ ግሬት ኢስኬፕ» ያየ ሰው፣ የተማረከ አብራሪ ጀግንነት ሲነሳ ፊቱ ድቅን የሚለው ስቲቭ ማክዊን በሞተር ሳይክል የሽቦ አጥር ሲዘል ነው። በእውኑ ግን የተዘለለ አጥር የለም። ፊልሙ የሚተርከው የዋሻ ማምለጥ በተፈጸመበት ሌሊት ያመለጠ አሜሪካዊም የለም፤ አሜሪካኖቹ በቁፋሮው አግዘው፣ ቀኑ ሳይደርስ ወደ ሌላ ግቢ ተዛውረው ነበር። ከጀርመኖቹ የዛጋን የምርኮኞች ካምፕ ሾልከው ከወጡት 76 ሰዎች እስከ መጨረሻው ያመለጡት ሦስት ናቸው፤ ሁለት ኖርዌያውያንና አንድ ሆላንዳዊ። በሂትለር ትእዛዝ 50ዎቹ ተገድለዋል። ፊልሙ ሜዳ ላይ አንድ ላይ ያስረሽናቸዋል፤ ጌስታፖ ግን በየቦታው፣ በነጠላና በጥቂት በጥቂቱ ነው የጨረሳቸው።

ኒውዚላንዳዊው ሻለቃ ሊዮናርድ ትሬንት 79ኛው ተራኛ ነበር። ልክ ከዋሻው አፍ ብቅ ሲል ዘቡ ደረሰና እጁን ሰጠ። ምናልባትም ሕይወቱን ያተረፈው ይኸው ነው።

የብሪታንያን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ቪክቶሪያ ክሮስን ያገኘው በዚህ ማምለጥ የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም፤ ያገኘው ሜይ 3 ቀን 1943 በሠራው ሥራ ነው። የዚያን ቀን የ487ኛውን ስኳድሮን ቬንቱራ ቦምብ ጣዮች እየመራ ወደ አምስተርዳም የኃይል ማመንጫ ገሰገሰ። ቬንቱራን አብራሪዎች «አሳማው» ይሉት ነበር፤ ቢሰድቡት አይፈረድባቸውም። ጀርመኖችን ለማሳሳት የተላኩት ተዋጊ አውሮፕላኖች ጊዜያቸውን ስተው ቀድመው በመድረሳቸው ጠላት ነቅቶ ጠበቃቸው። በአራት ደቂቃ ውስጥ ስድስት ቬንቱራዎች ወደቁ። ከ11 ቬንቱራዎች ወደ ሰፈሩ የተመለሰው ተመትቶ ቀድሞ የዞረ አንድ ብቻ ነው። ትሬንት ከመነሳታቸው በፊት ለምክትሉ «ምንም ይምጣ ምን ዒላማው ላይ እደርሳለሁ» ብሎት ነበርና ደረሰ። በመንገዱም አንድ ሜሰርሽሚት በፊት መትረየሱ ጣለ።

ታዲያ ማመንጫው ወደመ? አልወደመም፤ ቦምቦቹ ለጥቂት ሳቱት። ጀግንነትን በውጤት ብቻ የሚለካ እዚህ ላይ ይቸገራል፤ እኔ ግን ከሞተር ሳይክሉ ዝላይ ይልቅ እየተተኮሰበት አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ የያዘው ሰው ይበልጥብኛል። ወዲያው ቬንቱራው ተመትቶ አየር ላይ ተበታተነ። ትሬንትና ናቪጌተሩ ተወርውረው በጃንጥላ ተረፉና ተማረኩ፤ ሁለቱ ጓዶቻቸው ሞቱ።

ሜዳዩም ወዲያው አልመጣም። ያዩት ሰዎች ወይ ሞተዋል ወይ ምርኮ ላይ ናቸው፤ የሆነው በወጉ የታወቀው ምርኮኞቹ ሲመለሱ ነው። ሽልማቱ በማርች 1946 ታወጀ።

ምርኮ የአብራሪ ማብቂያ ነው የሚሉም አሉ። ትሬንት ግን ወደ ብሪታንያ አየር ኃይል ተመልሶ በጄት ሞተር የሚበረውን የቫሊያንት ቦምብ ጣይ ስኳድሮን አዘዘ፤ በ1956 በስዊዝ ዘመቻም ግብፅ ላይ በረረ። ስለ እሱ የሚያወሩ ይህችን ቶሎ ያልፏታል፤ ያ ዘመቻ ለብሪታንያ አዛዦች ብዙ የሚያኮራ አልነበረምና። በ1965 ጡረታ ወጥቶ፣ በ1986 ኒውዚላንድ ውስጥ አረፈ።