ከወባ ርጭት እስከ ጡት ካንሰር

በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ፣ ወባ በሚበረታባቸው ቀበሌዎች ያደገች ሴት የርጭቱን ቀን አትረሳውም። ቁርበቱ፣ ድስቱ፣ እንስራው ደጅ ይወጣል፤ ረጪው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ያርሰዋል፤ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቤቱ ለወራት እንዳይመረግ፣ እንዳይለቀለቅ ይነገራል። ማታ ሕፃናቱ እዚያው ግድግዳ ሥር ይተኛሉ።

ነጩ ነገር ዲዲቲ ነበር። አገራችን ለአሥርት ዓመታት ወባን የተከላከለችው በእሱ ነው፤ የአዳሚ ቱሉ ፋብሪካም ያዘጋጀው ነበር። ብዙ ነፍስ አትርፏል፣ ይህን መካድ ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ገደማ ሲቀር ዋናው ምክንያት የወባ ትንኟ መድኃኒቱን መላመዷ ነበር። በሰው ስብ ውስጥ ግን ለዓመታት ይቆያል፤ በጅማ አካባቢ በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ ተገኝቷል።

ከጡት ካንሰር ጋር ስላለው ግንኙነት ተመራማሪዎች ብዙ ተከራክረዋል። በአዋቂ ሴቶች ደም ላይ የተደረጉት አብዛኞቹ ጥናቶች ግልጽ ዝምድና አላገኙም። ተመራማሪዋ ባርባራ ኮንና ባልደረቦቿ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፦ መርዙ ሴቲቱን ያገኛት በስንት ዓመቷ ነው? በካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከእናቶች ተቀድቶ የተቀመጠ ደም መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ውጤት ያስደነግጣል። ዲዲቲ እ.ኤ.አ. በ1945 በስፋት መረጨት ሲጀምር ከ14 ዓመት በታች ከነበሩት ውስጥ በደማቸው ብዙ የተገኘባቸው፣ 50 ሳይሞላቸው በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው አምስት እጥፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ፣ በማህፀን ሳሉ ለብዙ ዲዲቲ የተጋለጡ ሴት ልጆች ላይ አደጋው ወደ አራት እጥፍ ተጠግቶ ተገኘ።

ጥናቱ የአሜሪካ ነው፤ ግድግዳው ሥር የተኙት ግን የእኛ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሕፃን የነበሩት ዛሬ በጥናቱ ካንሰሩ ወደታየበት ዕድሜ ገብተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያለው የካንሰር መዝገብ የሚቆጥረው የአዲስ አበባን ነዋሪዎች ነው። ምዕራብ ጎጃም የራሱ መዝገብ ያስፈልገዋል።

መጋለጡም በዲዲቲ አላበቃም። የበቆሎና የጤፍ አረም ማጥፊያው ቱፎርዲ፣ የነቀዝ መድኃኒቱ፣ ባዶው ጀሪካን ዛሬም ከቤት አይርቁም። ኬሚካል መበጥበጥና ለረጪው ውኃ ማቀበል የልጃገረድ ሥራ መሆን የለበትም፤ ጀሪካኑም ታጥቦ ውኃ አይቀዳበትም። የግብርና ባለሙያውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይህን አብረው ይንገሩ። የጡት እብጠት ይዛ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የምትመጣ ሴትም በየትኛው ቀበሌ እንዳደገች፣ ቤቷም ይረጭ እንደነበር ተጠይቃ ካርዷ ላይ ይጻፍላት።