የታጠቁትና የተኮሱበት

«አዲስ ነው፤ አንድ ፍሬ አልወጣበትም።» በራያ ቆላ ሽጉጥ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲያልፍ መጀመሪያ የሚነገረው ይህ ነው። ገዢውም በአፈሙዙ በኩል አጮልቆ ወደ ውስጥ ያያል፣ አፍንጫውን አስጠግቶ ያሸታል፣ ጆሮው አጠገብ ነቅነቅ ያደርገዋል፣ ከዚያ ብሩን ይቆጥራል። ከሦስቱ ምርመራዎች አንዱም ሽጉጡ ተተኩሶበት ይሁን አይሁን አይናገርም። የባሩድ ሽታ በጥቂት ዘይት ይጠፋል። የሚንቀጫቀጭ ሁሉም አሮጌ አይደለም፤ ብዙ የሠራዊት ሽጉጥ አቧራና ጭቃ እንዳያንቀው ተብሎ ከፋብሪካው ጀምሮ ልል ሆኖ ይሠራል። በአፈሙዝ ማየቱ ደግሞ ለሞት መጋበዝ ነው።

ካዝናውን አውጥቶ፣ የላዩን ብረት ወደ ኋላ ስቦ፣ ጥይት መግቢያው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ ከሁሉ ይቀድማል። ይህን የማያውቅ ሰው ሽጉጡን ለሚያውቅ ይስጥ፤ ምዕራፉ ከዚህ በላይ አይቆይበትም። የሚናገረውም ፈቃድ ስላለው መሣሪያ ብቻ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን፣ መሸጥንና መግዛትን ወንጀል አድርጎታል፤ ቁጥጥሩንም ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል።

የራያዋ ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ መንገድ ብዙ ጦር ተመላልሷል። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ፣ በ1935ቱ የራያ አመፅ፣ በደርግ ዘመን፣ በቅርቡም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦር በመጣና በሄደ ቁጥር መሣሪያ በየቀዬው ቀርቷል። የአያቶች ውጅግራ፣ አልቢንና ምንሽር በክላሽ ተተኩ፤ በወገብ የሚታጠቀው ደግሞ ማካሮቭ፣ ስታር፣ አሁን አሁን ደግሞ ቱርክ ሠራሽ ሆነ። በእንዲህ ያለ አገር ሽጉጥ ሁለት ዕድሜ አለው፦ የታጠቁት ዕድሜና የተኮሱበት ዕድሜ። አንዱ ከሌላው ጋር አይሄድም። ለሃያ ዓመት በወገብ ሲዞር ኖሮ አሥር ጥይት ያልተኮሰ ሽጉጥ አለ፤ በአንድ ዓመት ሺህ ተኩሶ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠም አለ። ሻጭ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ዕድሜ ነው። ገዢ ማወቅ ያለበት ሁለቱንም ነው።

የቆቦ ገበሬ ይህን ሥራ በሬ ሲገዛ ያውቀዋል። የበሬው ቆዳ ማብረቅረቁን አይቶ አይገዛም፤ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። በሬ የፊት ጥርስ ያለው በታችኛው መንጋጋ ብቻ ነው፤ ስምንቱ ቋሚ ጥርሶች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይወጣሉ፣ የመጀመሪያው ጥንድ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ የመጨረሻው አራት ዓመት አካባቢ። ከጥርሱ በኋላ ጫንቃውን ይዳስሳል፤ ቀንበር የለመደ ጫንቃ ጠጣር ነው። ጥርስ ዕድሜን ይናገራል፣ ጫንቃ ሥራን። በሽጉጥም እንዲሁ ነው። የውጭ ቀለሙ ቆዳው ነው። ጥርሱ ከጥይቱ መቀመጫ በስተኋላ ያለው፣ የምቱ መርፌ የሚወጣበት ጠፍጣፋ ብረት ነው። ጫንቃው የላይኛው ብረት የሚንሸራተትበት ሐዲድ፣ ሰኮናው የአፈሙዙ ጠርዝ፣ የጎድኑ ጥንካሬም የመመለሻ ጥቅሉ ስፕሪንግ ነው። ሻጭ በሬውን ጨው አልሶ ውኃ ሲያጠጣ ሆዱ እንደሚሞላ ሁሉ፣ ሽጉጥም ዘይት ሲጠግብ ሙሉ ይመስላል። በሬ ላይ የተተኮሰ የባለቤት ምልክት ደግሞ በሽጉጥ ላይ የተመታው ቁጥር ነው፤ ወደ እሱ ምዕራፉ በኋላ ይመለሳል።

ከጥርሱ ይጀመር። ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ቀለሁ ወደ ኋላ ተገፍቶ ያን ጠፍጣፋ ብረት ይመታዋል። ብዙ ሲሆን ክብ ጥላ ይቀራል፤ የመርፌው ቀዳዳ ዙሪያ ይደምቃል፣ የነሐስ ብናኝ ይጣበቃል። ጥይቱ ከካዝናው ወጥቶ ወደ መቀመጫው የሚወጣበት ዳገትም ቢጫ ጭረት ይይዛል። ቀለሁን የሚስበው ጥፍር ከጫፉ ይዶለዱማል፣ በሥሩም የማይታጠብ ጥላሸት ይሸጉጣል። ሻጮች ውጩንና በርሜሉን ያጸዳሉ፤ ከጥፍሩ ሥር ያለውን ግን በስንጥር የሚፈለቅቅ ጥቂት ነው። በማካሮቭ ላይ ደግሞ በርሜሉ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ የላይኛው ብረት ሲመላለስ የፊት ቀዳዳው የበርሜሉን ውጫዊ ገላ ያሻል። የቃታውን ቀለበት ወደ ታች ስቦ ላይኛውን ያወጣ ሰው በበርሜሉ ጫፍ ዙሪያ የተፋቀ ቀለም ካገኘ የተመላለሰ ሽጉጥ ይዟል።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ትምህርት በየአፉ ይዞራል። «ጥላሸት ካየህ ተተኩሶበታል፤ አዲስ አይደለም» ይባላል። ይህ የብዙ ሰውን ገንዘብና ወዳጅነት ያበላሸ አባባል ነው። ከፋብሪካ ያልተተኮሰበት ሽጉጥ አይወጣም! የዓለም አቀፉ የመሣሪያ ፍተሻ ኮሚሽን ደንብ በሚሠራባቸው አገሮች እያንዳንዱ ሽጉጥ ከተለመደው ከፍተኛ ግፊት 30 በመቶ በሚበልጥ ጥይት ይሞከራል፤ ፈተናውን ያለፈውም ማኅተም ይመታበታል። አምራቹም ለራሱ ጥቂት ፍሬ ይተኩሳል። ስለዚህ ከካርቶኑ ገና የወጣ ሽጉጥ ጥርሱ ላይ ቀጭን የጥላሸት ቀለበት፣ ዳገቱ ላይም አንድ ሁለት የነሐስ ጭረት ቢገኝበት ትክክለኛ ነገር ነው። እንዲያውም አንድም ምልክት የሌለበት፣ እንደ መስታወት የተወለወለ ጥርስ ጥርጣሬ ይገባዋል፤ አንድ ሰው ሊያጠፋው የፈለገው ነገር ነበር።

የበርሜሉም ነገር እንዲሁ ተበላሽቶ ይነገራል። የጠመዝማዛው ቦይ ጠርዝ ስለታም ከሆነ አዲስ ነው የሚሉ አሉ። የሽጉጥ ጥይት ግን ግፊቱ ከጠመንጃ ያነሰ ነው፤ ደህና በርሜል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፍሬ ይችላል። ስለዚህ በዓይን በታየ ቦይ አምስት መቶ የተኮሰውን ካልተኮሰው መለየት አይቻልም። በርሜሉ የሚናገረው ስለ አያያዝ ነው። ለቶካሬቭ ሽጉጥ የተሠሩት የድሮ ጥይቶች ብዙዎቹ ማቀጣጠያቸው ጨው ይተዋል፤ ጨዉ እርጥበት ይስባል፣ ካልታጠበም ብረቱን እየበላ ጉድጓድ ጉድጓድ ያደርገዋል። ሽጉጡ ተፈትቶ ከበስተኋላ በነጭ ወረቀት ብርሃን ሲታይ እነዚያ ጉድጓዶች እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ይታያሉ። በቦዩ ውስጥ ክብ ጥላ ከታየ ደግሞ በርሜሉ አንድ ቀን ተደፍኖ ተተኩሶበት አብጧል፤ ያ ሽጉጥ በማንኛውም ዋጋ አይገዛም።

ሲጠቃለል፦ ጥርስ፣ ጥፍር፣ ዳገትና ሐዲድ መተኮስን ይናገራሉ፤ በርሜል አያያዝን ይናገራል፤ የውጭ ቀለም ምንም አይናገርም።

ይህ ማጠቃለያ ግን በራያ ሜዳ እርማት ያስፈልገዋል። ቆቦ ከባሕር ጠለል ከ1,450 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ ያለች ሞቃት አገር ናት፤ በበጋ ከሜዳው የሚነሣው አቧራ በየስንጥቁ ይገባል። ዘይት የጠገበ ሽጉጥ አቧራውን ይይዝና ሁለቱ አንድ ላይ መሳል የሚችል ሊጥ ይሆናሉ። ሐዲዱን የሚበላው ያ ነው። በቆላው የሐዲዱ መፋቅ ብዙ መተኮስን ብቻ አያመለክትም፤ ተፈትሾ የሚለየው ከጥርሱ ጋር ሲተያይ ነው። ሐዲዱ ተፍቆ ጥርሱ ያልተበላ ከሆነ አቧራ ነው፤ ሁለቱም ከተበሉ ተኩስ ነው። ከኮረም ብርድና ጉም የወረደ ሽጉጥ ግን ሐዲዱ ደህና ሆኖ ዝገት ያወጣል። ያው ፋብሪካ፣ ያው ዓመት፣ ሁለት መልክ።

የውጭ ቀለሙን የሚያናግር የቆላ ላብም አለ። በቀኝ ወገብ የታጠቁት ሽጉጥ ግራ ጎኑ ከገላ ጋር ይውላል፤ ጨዋማው ላብም ከዚያ ወገን ቀለሙን ይበላል። ማካሮቭ ቁጥሩና የተሠራበት ዓመት የተመቱት በግራ ጎኑ ነው። የታጠቁት ዕድሜ የሚነበበው እዚያው ነው ማለት ነው፤ የአፈሙዙ ጠርዝና የፊት ማነጣጠሪያው ጫፍ ከአፎቱ ጋር ሲሻሻ መንጣቱ ደግሞ ይመሰክራል።

የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ ከዞብል ተራራ ወገን የመጡ አንድ አዛውንት ያሳዩትን ማካሮቭ አይረሳም። ፈቃዳቸው በኪሳቸው፣ ሽጉጡ ጥቁር አንጸባራቂ። «ከነካርቶኑ ነው የሰጡኝ» አሉ። ግራ ጎኑ ላይ የተመቱት አኃዞች ጠርዛቸው እንደ ሳሙና ሟሙቶ ነበር፤ ብረቱ ተወልውሎ እንደገና ጠቁሯል። ከቀለሙ በታች ትንንሽ የዝገት ጉድጓዶች ይታያሉ። የእጀታውን ብቸኛ ብሎን አፍ መፍቻ በልቶታል። የላይኛው ብረት ቁጥርና የታችኛው አካል ቁጥርም አይገጥሙም። «ልጄ፣ ታዲያ ተታለልኩ ማለት ነው?» አሉ። «አባቴ፣ ሽጉጡ ይሠራል፤ የተታለሉት በዋጋውና በስሙ ነው» ተባሉ። ሁለት ቁጥር ያለው ሽጉጥ ከሁለት ሽጉጥ የተሠራ ነው፤ በፈቃዱ ላይ የተጻፈው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ መታወቅ ነበረበት።

እንደገና መጥቆር ሁሉ ማታለል ግን አይደለም። የሶቪየት ግምጃ ቤቶች የሠራዊቱን መሣሪያ እያደሱ መልሰው ያስቀምጡ ነበር፤ ምልክታቸው በመካከሉ ሰያፍ መስመር ያለው ካሬ ነው። የፋብሪካ ምልክት ሌላ ነው፦ የኢዠቭስክ ማካሮቭ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀስት፣ የቡልጋሪያው በድርብ ክብ ውስጥ 10 ቁጥር አለው። ስታር በስፔኗ ኤይባር ከተማ ይሠራ ነበር፤ የስፔን መፈተሻ ቤት ከእ.ኤ.አ. 1927 ጀምሮ ዓመቱን በፊደል ይመታ ነበርና ፊደሉ ዕድሜውን ይናገራል። ፋብሪካው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ዛሬ «አዲስ ስታር» የሚል ሻጭ ቢበዛ ያልተተኮሰበት አሮጌ ነው የሚሸጠው።

ከቱርክ ሠራሾቹ መካከል ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ ጥይት እንዲተኩሱ የተቀየሩ አሉ፤ በአፍሪካ ቀንድ በተደጋጋሚ ተይዘዋል። አካላቸው ብዙ ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ የተቀረጸ ነው፤ የፍተሻ ቤት የጥይት ማኅተም የላቸውም። እነዚህ በባለቤታቸው እጅ ላይ ሊፈነዱ የሚችሉ ናቸው።

ስለ ጥርሱ አንድ ነገር ይቀራል። ካልቪን ጎዳርድ የተባለው አሜሪካዊ የጦር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1929 በቺካጎ በቫለንታይን ዕለት ሰባት ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ጥይቶቹንና ቀለሆቹን በማነጻጸሪያ ማይክሮስኮፕ አይቶ ከተያዙ ሁለት ቶምሰን መሣሪያዎች ጋር አገናኛቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ፣ በ2016 ደግሞ የፕሬዚዳንቱ የሳይንስ አማካሪዎች ይህ ጥይትና ቀለህን ከመሣሪያ ጋር የማመሳከር ሙያ የስህተቱ መጠን በበቂ አልተለካም ብለው ተቹት። ትችቱ ትክክል ነው፤ «መቶ በመቶ እርግጠኛ ነኝ» የሚል መርማሪ ከማስረጃው በላይ ይናገራል። ነገር ግን የሽጉጡ ጥርስ በቀለሁ ላይ አሻራ መተዉ አያከራክርም፤ ትላንት በሌላ እጅ ሰው የተገደለበት ሽጉጥ ዛሬ የገዢው ነው። ቁጥር ፍቆ ማጥፋትም አይጠቅምም፤ ማኅተሙ ሲመታ ከሥሩ ያለው ብረት ስለሚጨመቅ ላቦራቶሪ በአሲድ መልሶ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም የማይገጥም ሽጉጥ የቀረበለት ሰው ዋጋ አይጠይቅ፤ ለፖሊስ ያሳውቅ። ቁጥሩ ደህና ከሆነም ከፈቃዱ ወረቀት ጋር አኃዝ በአኃዝ ራሱ ያመሳክር፤ ይህን ለሻጭም ለደላላም አይተው።