ያረጀ ውሻ በገመድ መመራት ይማራልን? ስለ ልማድ፣ ስለ ሕመምና ስለ ትዕግሥት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ከቀረበው ንግግር የተገለበጠ)



ርእሴ ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ። ስለ ከብት ወረርሽኝና ስለ ወተት ምርት በሚነገርበት አዳራሽ፣ አንድ ሰው ተነሥቶ ያረጀ ውሻን በገመድ ስለ መምራት ልናገር ሲል ነገሩ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ቅንጦት አለመሆኑን ለማስረዳት ከራሴ ቤተሰብ ልጀምር።

ቢሾፍቱ የምትኖር ታላቅ እኅቴ ነብሮ የሚባል ዘበኛ ውሻ አላት። ይህ ታሪክ በተፈጸመበት ጊዜ ዕድሜው 9 ዓመት ገደማ ነበር። እንደ ብዙዎቹ የግቢ ውሾቻችን ቀን በሰንሰለት ታስሮ፣ ሌሊት ተለቅቆ ኖሯል። የግቢውን በር አልፎ የሚወጣው በዓመት አንድ ቀን፣ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲወሰድ ብቻ ነው። የሚወስደውም ጉልበት ያለው የጎረቤት ልጅ ነበር። ልጁ ሥራ አግኝቶ ከሰፈር በወጣበት ዓመት እኅቴ ገመዱን በእጇ ጠምጥማ ራሷ ይዛው ወጣች። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ውሻ ብቅ ሲል ነብሮ ዘሎ ሳባት፤ ኮብልስቶኑ ላይ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ።

ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ብዙዎቻችን ውሻው ይወገድ አልን፤ ከእነዚያም አንዱ እኔ ነበርሁ። እኅቴ ግን የተጠገነ እጇን ታቅፋ፣ «ዘጠኝ ዓመት ደጄን ጠብቆልኝ እንዴት አስገድለዋለሁ? አንተስ ብትሆን የእንስሳት ሐኪም አይደለህም እንዴ?» አለችኝ። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ያስተማርሁ ሰው በዚያች ጥያቄ አፈርሁ። የውሻን በሽታ አውቃለሁ፤ ውሻ እንዴት እንደሚማር ግን ለፈተና ያህል ከማጥናት በቀር በእጄ ሞክሬው አላውቅም ነበር።

ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚተላለፍ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ስርጭቱን ለመግታት ከአንድ አካባቢ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶ ያህሉ መከተብ እንዳለባቸውም እናስተምራለን። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ገዳይ ነው። በገመድ የማይመራ ውሻ ደግሞ ወደ ክትባት ጣቢያ አይመጣም፤ ቢመጣም ባለቤቱን፣ ከታቢውን ወይም መንገደኛውን አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ገመዱ የማኅበረሰብ ጤና መሣሪያም ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው ልግባ። ውሻ ገመድ ለምን ይስባል? ብዙ ጊዜ «ስለ ናቀን ነው» ወይም «ልምራ ስላለ ነው» ይባላል። ምክንያቱ ከዚህ ይልቅ ቀላል ነው። የውሻ ተፈጥሯዊ እርምጃ ከእኛ ይፈጥናል፤ ሊያሸተውም ሊደርስበትም የሚፈልገው ነገር ከፊቱ አለ። ሲስብ እኛ እንከተለዋለን፤ ከፈለገውም ይደርሳል። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድመቶችን በሣጥን ውስጥ እየዘጋ ባደረገው ሙከራ ተነሥቶ የቀመረው የውጤት ሕግ ይህንኑ ይላል፤ ደስ የሚያሰኝ ውጤት ያስከተለ ድርጊት ይደጋገማል። እንግዲህ መሳብን የምናስተምረው ራሳችን ነን፤ ደመወዙም እያንዳንዱ ወደ ፊት የምንራመደው እርምጃ ነው።

በዚህ ላይ ቢ. ኤፍ. ስኪነርና ተከታዮቹ ያሳዩት አንድ ነገር ይጨመራል። አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚሸለም ልማድ ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ ለመጥፋት ያስቸግራል። ዛሬ ስትስብ ቆሜብህ፣ ነገ ስለ ቸኮልሁ ከተከተልሁህ፣ «ደጋግመህ ብትስብ አንድ ቀን ይሆንልሃል» ብዬ አስተማርሁህ ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት በሰንሰለት የኖረ ውሻማ በማሰሪያ ተወጥሮ መቆምን የኑሮው ሥርዓት አድርጎታል።

ቀጣዩ ጥያቄ የዕድሜ ነው። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። ምክሩ ለቡችላ እውነት ነው። ግን የደረቀ ሁሉ አይቃናም ማለት ነውን? እ.ኤ.አ. በ2016 በቪየና የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከ5 ወር እስከ 13 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን የቦርደር ኮሊ ዝርያ ውሾች በመነካካት በሚሠራ ስክሪን ፈትነው ነበር። ያረጁት ውሾች አዲስ ነገር ለመለየት ብዙ ድግግሞሽ አስፈልጓቸዋል፤ የለመዱትን ለመቀየርም ዘግይተዋል። ሆኖም ተምረዋል። ከዚህም በላይ በማስወገድ በሚደረግ የማመዛዘን ፈተና ከወጣቶቹ በልጠው ተገኝተዋል፤ የተማሩትን ከወራት በኋላ በማስታወስ ረገድም ዕድሜ ጉልህ ልዩነት አላሳየም። እርጅና መማርን አይዘጋም፤ የሚጠይቀው ተጨማሪ ድግግሞሽ ነው።

እዚህ ላይ ስሕተቴን መናገር አለብኝ። ሥራውን የጀመርሁት በልጅነቴ እንዳየሁት ነበር፤ ነብሮ ሲስብ ገመዱን በኃይል ወደ ኋላ እመነጭቀው ነበር። በሦስተኛው ቀን ዞሮ አጉረመረመብኝ። በደመ ነፍስ «ይህ ውሻ አደገኛ ነው» አልሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን መጥቶ በእጁ ሲመረምረው፣ የፊት እግሩ ትከሻ ሲታጠፍ ነብሮ ፊቱን ያዞር ነበር። በራጅ ስናየው የመገጣጠሚያ ብግነት ተገኘ። ጥፍሮቹም እጅግ ረዝመው አረጋገጡን አበላሽተውበት ነበር። የእኔ ምንጨቃ በታመመ አካል ላይ ያረፈ ነበር። ለተማሪዎቼ «ጠባይ ሲለወጥ አስቀድማችሁ ሕመም ፈልጉ» እያልሁ ያስተማርሁትን በራሴ ቤት ረሳሁት።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ምርመራ ነው። መገጣጠሚያ፣ ጥርስ፣ ጥፍር፣ ዓይን፣ ጆሮና ልብ ይታዩ። ጆሮው የደከመ ውሻ ትእዛዝ የናቀ ይመስላል፤ ዓይኑ የደከመ ውሻ በጎኑ በሚያልፍ ሰው ይደነግጣል። ሕመም ካለ ሐኪም የሚያዝዘው ማስታገሻ ይሰጠው፤ ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻ ግን ውሻን ሊገድል ስለሚችል ከቤት መድኃኒት ሣጥን አይወሰድ።

ሁለተኛው የመሣሪያ ምርጫ ነው። የአንገት ማሰሪያ ሲሳብ በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ እንደሚያደርግ፣ በደረት ላይ የሚታሰረው ግን ያን ያህል እንደማያደርስ ተለክቶ ታይቷል። ለአዛውንት ውሻ የደረት ማሰሪያ ይመረጣል። ገመዱ 2 ሜትር ያህል ይሁን፤ በእጅ አይጠምጠም። እኅቴ እጇን የሰበረችው ጠምጥማ በመያዟ ነው።

ሦስተኛው ትምህርቱ ነው። ከሥጋ ቤት የተገዛ ሳንባ ቀቅለን በባቄላ ፍሬ ልክ ቆራረጥነው፤ ይህ የነብሮ ጉርሻ ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት ከግቢ አልወጣንም። ማሰሪያውን እናሳየውና እናጎርሰዋለን፤ እናስነካውና እናጎርሰዋለን፤ በመጨረሻ እናስረዋለን። ኢቫን ፓቭሎቭ ውሾቹ ምግብ ሊመጣ መሆኑን የሚያበስር ድምፅ ሲሰሙ ምራቃቸው እንደሚወርድ እንዳሳየ ሁሉ፣ ለነብሮም ማሰሪያው የመልካም ነገር አብሣሪ እንዲሆን ፈለግን።

ቀጥሎ መራመድ። ሕጉ ሁለት ብቻ ነው፤ ገመዱ ሲላላ እንሄዳለን፣ ሲወጠር እንቆማለን። አንመነጭቅም፣ አንቆጣም፤ እንደ ዛፍ እንቆማለን። ውሻው ዞር ብሎ ገመዱ በላላባት ቅጽበት «ጎበዝ» ብለን ከጭናችን አጠገብ እናጎርሰውና ጉዞ እንቀጥላለን። ጉርሻው የሚሰጥበት ቦታ ትልቅ ነገር ነው፤ ከፊታችን ብንሰጠው ከፊታችን መሆንን፣ ከጎናችን ብንሰጠው ከጎናችን መሆንን ይማራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሳቡ ሊብስ ይችላል። የቆየ ደመወዙ የቀረበት ሠራተኛ ከመተው በፊት አብዝቶ ይጠይቃልና። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሊጸና የሚገባውም እዚህ ላይ ነው።

ለአዛውንት ውሻ አንዱ ክፍለ ጊዜ ከ5 ደቂቃ አይብለጥ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። ፀሐይ ሳይበረታ፣ የሚቻል ከሆነ በለስላሳ መሬት ላይ ይሁን። በየመሐሉም እንዲያሸት ይፈቀድለት። ማሸተት ለውሻ ጋዜጣ ማንበብ ነው፤ ገመዱን ካላላ በኋላ «ሂድ አሽት» ማለት ከሳንባው የማይተናነስ ሽልማት ነው።

አራተኛው መንገድ ነው። ከግቢ የወጣነው በማለዳ፣ ባጃጁም ሰዉም ሳይበዛ ነበር። ሌላ ውሻ ሲታይ ዋናው ነገር ርቀት ነው። ነብሮ ውሻውን አይቶ ጉርሻ መቀበል እስከ ቻለበት ርቀት ድረስ እንርቃለን፤ አየ፣ ጎረሰ፤ አየ፣ ጎረሰ። ጉርሻውን እንቢ ካለ ቀርበናል ማለት ነውና እንመለሳለን። ሰፈርተኛውንም ማክበር ተገቢ ነው። ውሻ የሚፈሩ ሕፃናት አሉ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ በሚሄዱ ሰዎች መካከል ውሻ ይዞ ማለፍም አይገባም። መንገድ ቀይሮ መሄድ የአሠልጣኝነት ሽንፈት አይደለም።

ውጤቱን ልንገራችሁ። በአራተኛው ወር ነብሮ ወደ ክትባት ጣቢያ በእግሩ ሄደ፤ ገመዱን የያዘችው እኅቴ ነበረች፤ እኔ ከኋላ ነበርሁ። በሰልፉ ላይ ከሰው ራቅ ብሎ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ። ተፈወሰ አልልም። የፈረስ ጋሪ ሲያልፍ እስከ ዛሬ መረጋጋት አልቻለም፤ ጋሪ ሲመጣ እኅቴ መንገድ ትሻገራለች። ሰውን ነክሶ የሚያውቅ ውሻ ከሆነ ደግሞ ይህ ዘዴ ብቻውን አይበቃም፤ የአፍ መሸበቢያና የባለሙያ ክትትል ያስፈልጋል። የተነከሰም ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ውድ ተማሪዎቼ፣ ነገ በየወረዳው ስትመደቡ «ይህ ውሻ አርጅቷል፣ አይማርም» የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። በቤተሰቤ ስብሰባ ላይ ያንን ያልሁት እኔ ነኝ። እንስሳው ከመፈረዱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ፦ ምን ያመዋል? እስከ ዛሬ ምን ስናስተምረው ኖርን? ለመለወጥስ ምን ያህል ጊዜ ሰጠነው?

(ከንግግሩ በኋላ አንዲት ተማሪ፣ «ሳንባ ለመግዛት አቅም የሌለው ቤተሰብስ ምን ያድርግ?» ብላ ጠይቃለች።)

መልካም ጥያቄ ነው። ውሻው በየቀኑ ከሚበላው ፍርፋሪ ላይ ጥቂቱን አስቀርቶ በትምህርት ሰዓት ማጉረስ ይቻላል፤ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ግን ለውሻ መርዛማ ስለሆነ አይሁን። ደግሞም አትርሺ፤ ለዘጠኝ ዓመት ታስሮ ለኖረ ውሻ ትልቁ ጉርሻ ከበሩ ውጭ መራመዱ ራሱ ነው።